ሚስ ኔቲ ስቲቨንስና የልጅ ጾታ ምስጢር

ሴት ልጆች ብቻ በመውለዷ የተወቀሰች፥ ከዚያም አልፎ ከትዳሯ የተባረረች እናት በየዘመኑና በየአገሩ ጥቂት አይደለችም። ይህ ፍርድ መሠረት የሌለው መሆኑን በምርመራ ያስረዱትን የአሜሪካዊቱን ሊቅ የሚስ ኔቲ ስቲቨንስን የሕይወት ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን።

ሚስ ስቲቨንስ በ1861 እ.ኤ.አ. በቬርሞንት ከአንድ አናጢ ቤት ተወለዱ። ለከፍተኛ ትምህርት የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበራቸው በአስተማሪነት እየሠሩ ከደመወዛቸው ቆጠቡ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የገቡት በ1896፥ በ35 ዓመታቸው ነው። ከብሪን ሞር ኮሌጅ የዶክተርነት ማዕርግ የተቀበሉትም በ1903 ነበር።

በዚያን ጊዜ የሕፃኑን ጾታ የሚወስነው የእናቲቱ ምግብ ወይም የአየሩ ሙቀት ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። ሚስ ስቲቨንስ ግን በዱቄት ውስጥ የሚራባ ጥንዚዛ በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፥ በሴቲቱ ሕዋስ 20 ትልልቅ ክሮሞሶሞች፥ በወንዱ ግን 19 ትልልቅና 1 ትንሽ አገኙ። ከወንዱ ዘር እኩሌታው ትንሹን ይይዛል፤ ከእርሱም ወንድ ይወለዳል። ከቀረው እኩሌታ ደግሞ ሴት ትወለዳለች። ይህም ጥናት በ1905 ታተመ። ትንሹ ክሮሞሶም ዛሬ ዋይ የሚባለው ነው።

በሰውም ዘንድ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ጾታን የሚለየው ከአባት የሚመጣው ዘር ነው፤ አባትም ቢሆን መርጦ አይሰጥም። ወንድና ሴት በቁጥር የሚቀራረቡት ስለዚህ ነው፤ ለ100 ሴቶች 105 ያህል ወንዶች ይወለዳሉ። ሚዛኑ በትውልድ ብዛት የማይናጋበትን ምክንያት ደግሞ እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በ1930 ገለጡ፤ ይኸውም አንዱ ጾታ ሲያንስ፥ ያንኑ አብዝተው የሚወልዱ ወላጆች ብዙ የልጅ ልጅ ስለሚያገኙ፥ ዝንባሌያቸው በዘር ተላልፎ ሚዛኑን ይመልሰዋል።

በዚያው በ1905 ኤድመንድ ዊልሰንም ለብቻቸው ተመሳሳይ ነገር ስላገኙ፥ ዝናው ለረጅም ጊዜ ወደ እርሳቸው አደላ። ብሪን ሞር ለሚስ ስቲቨንስ የምርምር ፕሮፌሰርነት ቢያዘጋጅላቸውም፥ ሥራውን ሳይጀምሩ በ1912 በጡት ካንሰር በ50 ዓመታቸው ዐረፉ።

እኛ ወጣቶች የተማርነው ለፈተና ብቻ አይደለም። ስለ ሴት ልጅ መወለድ እናት ስትወቀስ በሰማን ጊዜ፥ እውነቱን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም።