አውግስጢኖስና ጓደኞቹ

በሰንበት ትምህርት ቤታችን የወጣቶች ውይይት በተደረገ ቁጥር የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም እሑድ በልባችን የወሰንነውን ነገር ሰኞ ከጓደኞቻችን መካከል ስንገባ ለምን እናጣዋለን የሚል ነው። መልካሙን ከክፉው መለየት አቅቶን አይደለም። ብዙ ጊዜ የምንሸነፈው ብቻችንን መቅረትን ስለምንፈራ ነው። ሁሉ ሲስቅ አለመሳቅ፥ ሁሉ ሲሄድ መቅረት፥ ሁሉ አንዱን ሲያማ ዝም ማለት በአሥራ አምስትና በአሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ ላይ ለሚገኝ ወጣት ቀላል ነገር አይደለም። ይህንኑ ትግል በራሱ ሕይወት ያየ፥ በኋላም ሳይሸሽግ የጻፈ አንድ ታላቅ ሰው ስላለ ታሪኩን በአጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን። እርሱም የሂፖው ጳጳስ ቅዱስ አውግስጢኖስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አውግስጢኖስ የተወለደው በ354 ዓ.ም. በሰሜን አፍሪካ፥ ታጋስቴ በምትባል አነስተኛ ከተማ ነው። ይህች ከተማ ዛሬ ሱቅ አህራስ ተብላ በአልጄሪያ ትገኛለች። አባቱ ጳጥሪቅዮስ ጥቂት መሬት ያለው የከተማው ምክር ቤት አባል ነበረ፤ የተጠመቀውም ሊሞት ሲቃረብ ነው። እናቱ ሞኒካ ግን በክርስትና ያደገች ጸሎተኛ ሴት ነበረች። ቤተሰቡ ባለጸጋ ባይሆንም ልጃቸው ተምሮ ለወግ ለማዕረግ እንዲበቃ ሁለቱም አጥብቀው ይመኙ ነበር።

የአውግስጢኖስ የትምህርት ቤት ኑሮ ለኛ እንግዳ አይሆንብንም። የኳስ ጨዋታ ይወድ ነበር፤ የግሪክ ቋንቋ ትምህርት ግን ጨርሶ አይጥመውም ነበር። በዚያ ዘመን ትምህርቱን ያጓደለ ተማሪ ይገረፍ ስለ ነበር፥ ትንሹ አውግስጢኖስ እንዳይገረፍ እግዚአብሔርን ይለምን ነበር። ትልልቆቹ፥ ወላጆቹም ጭምር፥ በዚህ ጭንቀቱ ይስቁ ነበር። እርሱ ግን ጳጳስ ከሆነ በኋላ እንኳ ያን የልጅነት ፍርሃት አልረሳውም። በአዋቂ ዓይን ትንሽ የሚመስለው ነገር ለልጁ ትልቅ ሸክም እንደ ነበረ፥ የመጀመሪያ ጸሎቱም ከዚያ ሸክም እንደ ወጣ ጽፎልናል። እንግዲህ የፈተና ጭንቀታችንን ወይም የቤታችንን ችግር ይህስ ለእግዚአብሔር አይነገርም ብለን የምንተው ወጣቶች ከዚህ ልንማር ይገባናል።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው በአቅራቢያው በምትገኘው በማዳውራ ይከታተል የነበረውን ትምህርት አቋርጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ምክንያቱም አባቱ ወደ ካርታጎ ከተማ ልኮ የሚያስተምርበትን ገንዘብ ገና አላዘጋጀም ነበር። ያን ዓመት አውግስጢኖስ ሥራ ፈትቶ ከሰፈር ልጆች ጋር ዋለ። ልጆቹ በየተራ በሠሩት ክፉ ሥራ ይኩራሩ ነበርና፥ እርሱም ከእነርሱ አንሶ እንዳይታይ ያልሠራውን ሁሉ ሠርቻለሁ እያለ ያወራ ነበር። ንጹሕ ሆኖ መገኘት በመካከላቸው ያሳፍር ነበርና ነው።

አንድ ሌሊት ጨዋታቸውን ከጨረሱ በኋላ በእነአውግስጢኖስ የወይን ቦታ አጠገብ ወደሚገኝ የሌላ ሰው ዛፍ ሄዱ። ዛፉ ፒር የሚባለውን ፍሬ የተሸከመ ነበር። አራግፈውም ብዙ ፍሬ ይዘው ሄዱ። ፍሬው መልኩም ጣዕሙም የሚያስጎመጅ አልነበረም፤ አውግስጢኖስም ከዚያ የተሻለ ነበረው። ጥቂት ቀምሰው የቀረውን ለእሪያ ጣሉት። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ አውግስጢኖስ ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ስለዚህች ሌሊት ብዙ ገጽ ጻፈ። ከባድ ወንጀሎች ባሉበት ዓለም ስለ ጥቂት ፍሬ ይህን ያህል መጨነቁ የሚያስገርማቸው ሰዎች አሉ። እርሱ ግን ይፈልግ የነበረው የሥራውን ምክንያት ነው። ርቦት አልነበረም፤ ፍሬውንም አልወደደውም። ልቡን መርምሮ ካገኛቸው መልሶች አንዱ፥ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያን ነገር ፈጽሞ እንዳላደረገው ነው። እንሂድ የሚል ድምፅ ሲሰማ አልሄድም ማለት አሳፈረው። ከአህያ ጋር ስለ ዋለችው ጊደር አባቶቻችን የሚተርቱትን ሁላችን እናውቃለን፤ አውግስጢኖስም ይህንኑ በራሱ ላይ አገኘው።

ከዚያ በኋላ ወደ ካርታጎ ሄዶ የንግግር ጥበብን ተማረ፤ በትምህርቱም ከሁሉ በላጭ ሆነ። በዚያም ከአንዲት ሴት ጋር ያለ ጋብቻ መኖር ጀመረ፤ አዴዮዳቱስ የተባለ ልጅም ወለዱ። የማኒን ትምህርት ከሚከተሉ ሰዎች ጋር ገጥሞ ዘጠኝ ዓመት ያህል በዚያ ስሕተት ቆየ። ሞኒካ ግን ስለ ልጅዋ በየቀኑ እያለቀሰች መጸለይዋን አላቋረጠችም።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ልቡን የሰበረ ነገር ደረሰበት። በታጋስቴ ሲያስተምር አብሮ አደጉና የትምህርት ቤት ጓደኛው የሆነ አንድ ወጣት ነበረ። ይህ ወጣት በትኩሳት ታሞ ራሱን ሳተ፤ በዚያው ሁኔታም ሳለ ተጠመቀ። ጥቂት ሲሻለው አውግስጢኖስ እንደ ቀድሞው አብሮት የሚስቅ መስሎት በጥምቀቱ ቀለደ። ጓደኛው ግን ጓደኛዬ ሆነህ ልትኖር ከወደድህ እንዲህ ያለውን ነገር ተው ብሎ በድፍረት ገሠጸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ተመልሶበት አውግስጢኖስ በሌለበት ዐረፈ። ከዚያ ወዲያ የትውልድ ከተማው ሥቃይ፥ የአባቱ ቤትም ባዕድ ሆነበት። ዓይኖቹ ጓደኛውን በየቦታው ይፈልጉ ነበር። ከልቅሶ በቀር የሚያጽናናው አልነበረም። በመጨረሻም ያን ሁሉ የሚያስታውሰውን አገር ትቶ ወደ ካርታጎ ተመለሰ። ከመካከላችን ጓደኛ ወይም ወንድም በሞት የተለየው ወጣት ቢኖር፥ ይህ ዓይነቱ ኀዘን የእምነት ጉድለት ሳይሆን የፍቅር ቁስል መሆኑን ይወቅ።

ከተማሪዎቹ መካከል አሊጲዮስ የሚባል የአገሩ ልጅ ነበረ። አሊጲዮስ ጨዋና ቅን ወጣት ሲሆን የሠረገላ እሽቅድምድም ፍቅር ግን አእምሮውን ወስዶት ነበር። አንድ ቀን አውግስጢኖስ ሲያስተምር እርሱን ሳያስብ በእሽቅድምድም ወዳዶች ላይ የምትዋዛ ምሳሌ ተናገረ። አሊጲዮስ ነገሩን ለራሱ እንደ ተነገረ ቆጥሮ ልማዱን ተወ። በኋላ ሕግ ለመማር ወደ ሮም ሄደ። በዚያም ባልንጀሮቹ ከምሳ ሲመለሱ አገኙትና ሰዎች እርስ በርስ በሰይፍ ወደሚገዳደሉበት ትርኢት እየጎተቱ ወሰዱት። ሰውነቴን ብትወስዱ ልቤን አትወስዱም ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ሕዝቡ ባንድነት ሲጮኽ ግን ምን እንደ ሆነ ለማየት ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ እንደ ሌሎቹ ይጮኽ ጀመር፤ ከዚያም አልፎ ሌሎችን ይዞ የሚሄድ ሆነ። ከዚህ ልማድ የተላቀቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ወጣቶች ሆይ፥ ወደማይገባ ቦታ ሄደን ዓይናችንን እንጨፍናለን የሚለው አሳባችን ምን ያህል የሚያዋጣ መሆኑን ከአሊጲዮስ እንመልከት።

በ383 ዓ.ም. አውግስጢኖስ እናቱን በወደብ ላይ አታልሎ በሌሊት በመርከብ ወደ ሮም ሄደ፤ በ384 ዓ.ም. ደግሞ በሚላኖ ከተማ የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ተሾመ። ሞኒካም ባሕር ተሻግራ ተከተለችው። በሚላኖ የከተማው ጳጳስ የአምብሮስዮስ ስብከት ቀስ በቀስ ልቡን ከፈተው። ይሁን እንጂ እውነትን ማወቁ ብቻውን አላዳነውም። ከአሮጌ ልማዱ መላቀቅን ይጸልያል፤ ዳሩ ግን ጸሎቱ ቶሎ እንዳይሰማ በልቡ ይፈራ ነበር። ዛሬ ነገ እያለ ቀኑን ያራዝም ነበር።

በ386 ዓ.ም. የበጋው ወራት ሲያልቅ ጶንጢቅያኖስ የተባለ ያገራቸው ሰው አውግስጢኖስንና አሊጲዮስን ሊጠይቅ መጣ። እርሱም ስለ ግብፃዊው አባ እንጦንስ፥ ደግሞም የእንጦንስን ገድል በአንድ ቤት ውስጥ አግኝተው ስላነበቡ ሁለት ወዳጆች አወራላቸው። ከሁለቱ አንዱ ሲያነብ ልቡ ተነክቶ ኑሮውን ለመለወጥ ቆረጠ፤ ሁለተኛውም ብቻህን አትሄድም ብሎ አብሮት ቆመ። አውግስጢኖስ ይህን ሲሰማ የራሱ ሕይወት ፊት ለፊቱ የቆመ መሰለው። በታላቅ ጭንቀትም ወደ አትክልቱ ቦታ ወጣ።

እዚህ ላይ የአሊጲዮስን ሥራ ልብ እንበል። አልሳቀም፤ አልመከረም፤ ትቶትም አልሄደም። ተከትሎት ወጣና ዝም ብሎ ከአጠገቡ ተቀመጠ። አውግስጢኖስ እንባው ሲመጣ ፈቀቅ ብሎ በበለስ ዛፍ ሥር ሲያለቅስ አሊጲዮስ እዚያው በመገረም ቆየው። አውግስጢኖስ ከጎረቤት ቤት የመጣ የሕፃን ድምፅ ሰምቶ፥ መጽሐፍ እንዲያነብ የተነገረው መሆኑን ተረዳ። ተመልሶም የሐዋርያው የጳውሎስን መልእክት ገለጠ፤ ከሮሜ መልእክት ያገኘውን ቃል ሲያነብ የልቡ ጨለማ ተገፈፈ። ያነበበውን ለአሊጲዮስ አሳየው። አሊጲዮስም ቀጥሎ ያለውን ቃል አንብቦ ለራሱ አደረገው። ሁለቱም ባንድነት ገብተው ለሞኒካ ሲነግሯት ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

በ387 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት አውግስጢኖስ፥ አሊጲዮስና አሥራ አምስት ዓመት ያህል የሆነው አዴዮዳቱስ አብረው በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቁ። በሌሊት ከጓደኞቹ ጋር ለስርቆት የወጣው ልጅ በሌሊት ከጓደኛውና ከልጁ ጋር ወደ ጥምቀት ውኃ ወረደ።

በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ለመመለስ በኦስትያ ወደብ ሳሉ ሞኒካ በአምሳ ስድስት ዓመቷ ዐረፈች። አውግስጢኖስ ሰው እንዳያየው እንባውን በግድ ዋጠ፤ ነገር ግን ሊቋቋመው ስላልቻለ በኋላ ብቻውን ሆኖ በእግዚአብሔር ፊት አለቀሰ። ይህንንም ለአንባቢዎቹ ነገራቸው። ወንድ ልጅ አያለቅስም እየተባልን ላደግን ወጣቶች ይህ ታላቅ ትምህርት ነው።

ወደ አፍሪካ ከተመለሰ በኋላ በ391 ዓ.ም. በሂፖ ከተማ ሕዝቡ ይዞ ቅስና አሰጠው፤ በ395 ዓ.ም. ገደማም ጳጳስ ሆነ። አሊጲዮስ ደግሞ የታጋስቴ ጳጳስ ሆኖ ወዳጅነታቸው እስከ እርጅና ጸና። አውግስጢኖስ በሂፖ የኖረው ብቻውን ሳይሆን ከወንድሞች ጋር በአንድ ማዕድ ነው። በዚያ ማዕድ ላይ የሌለ ሰውን ማማት የሚከለክል ጽሑፍ አስጽፎ ነበር፤ ይህን ደንብ የሚጥሱ ቢገኙ፥ ጳጳሳት ቢሆኑ እንኳ፥ ይገሥጻቸው ነበር። የጓደኞች ወሬ ሰውን ወዴት እንደሚወስድ ከልጅነቱ ያውቃልና። በ430 ዓ.ም. ቫንዳሎች ሂፖን ከበው ሳሉ ታመመ። የዳዊትን የንስሓ መዝሙሮች በአልጋው አጠገብ በግድግዳ ላይ አስለጥፎ እያነበበ በእንባ ይጸልይ ነበር። በኦገስት 28 ቀንም በ75 ዓመቱ ዐረፈ።

ውድ ወጣቶች፤ አውግስጢኖስ ከጓደኛ ጋር ጠፋ፥ ከጓደኛም ጋር ተገኘ። ስለዚህ ከጓደኛ ሽሹ ብለን አንመክራችሁም። ሰው ለብቻው እንዲኖር አልተፈጠረምና። ነገር ግን ሁለት ነገር እናሳስባችኋለን። አንደኛው፥ እንሂድ ስትባሉ፥ ብቻዬን ብሆን ይህን አደርገው ነበርን ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ የለም ከሆነ የሚጎትታችሁ ነገሩ ሳይሆን ፍርሃቱ ነው፤ ፍርሃቱንም ለእግዚአብሔር ንገሩት። ሁለተኛው፥ እናንተ ራሳችሁ ለአንድ ሰው አሊጲዮስ ሁኑ። በክፍላችሁ በፈተና የወደቀ፥ በቤቱ ችግር ልቡ የተሰበረ፥ በጥፋቱ አፍሮ ከጉባኤ የቀረ ወጣት አይታጣም። ብዙ መናገር አያሻችሁም። ሳትስቁበት አጠገቡ ተቀመጡ፤ እንባው እስኪያልፍ ቆዩት፤ መጽሐፉን ሲገልጥ አብራችሁት አንብቡ። ከጎናችሁ ሰው የሌለ ሲመስላችሁም በስውር የምትጸልይላችሁ አንዲት እናት፥ አንዲት አያት ወይም አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር አለመኖሩን በምን ታውቃላችሁ?

እግዚአብሔር የልባችንን ፍርሃት አስወግዶ፥ እርስ በርሳችን ወደ እርሱ የምንመራራ እውነተኛ ወዳጆች ያድርገን። አሜን።