ሪቻርድ ሀሚንግ፦ ስሕተት ያለበትን ቦታ ያሳየ የሒሳብ ሊቅ

ሪቻርድ ሀሚንግ በ1915 በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ተወለደ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምኞቱ መሐንዲስ መሆን ነበር። ነገር ግን ነጻ የትምህርት ዕድል የሰጠው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ደግሞ የምሕንድስና ትምህርት አልነበረም። ስለዚህ ሒሳብ ተማረ። በ1942 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበለ፤ በ1946 በቤል ቴሌፎን ላቦራቶሪ ተቀጠረ።

የዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ነበር። ስሕተት ሲያገኝ ይቆማል፤ ሠራተኞች መጥተው ያስተካክሉታል። ቅዳሜና እሑድ ግን ሠራተኛ ስለሌለ፣ የተሳሳተውን ሥራ ትቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሀሚንግ መኪናውን የሚያገኘው በእነዚህ ቀናት ነበር። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ሰኞ ሲመጣ ሥራው ተጥሎ አገኘው። ተናደደ፤ ንዴቱም ጥያቄ ሆነ፦ መኪናው ስሕተት መኖሩን ካወቀ፣ የት እንዳለ ለምን አያውቅም?

መልሱን እንመልከት። ኮምፒዩተር የሚጽፈው በ0 እና በ1 ብቻ ነው። የምንልከው መልእክት 1011 ነው እንበል። እነዚህን አራት አሃዞች በ3ኛ፣ በ5ኛ፣ በ6ኛና በ7ኛ ቦታ እናስቀምጣለን። 1ኛ፣ 2ኛና 4ኛ ቦታ የሦስት ምስክሮች ናቸው። የመጀመሪያው ምስክር 1፣3፣5፣7ን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው 2፣3፣6፣7ን፤ ሦስተኛው 4፣5፣6፣7ን። እያንዳንዱ ምስክር በሚጠብቃቸው ቦታዎች ያሉት የ1 ብዛት ተጋማሽ እንዲሆን በራሱ ቦታ 0 ወይም 1 ይጽፋል። መልእክታችን 0110011 ይሆናል።

አሁን በመንገድ ላይ 6ኛው አሃዝ ተበላሽቶ 0110001 ደረሰ እንበል። ተቀባዩ ምስክሮቹን ይጠይቃል። ባለ 1ኛው ቦታ ደህና ነው ይላል። ባለ 2ኛውና ባለ 4ኛው ቦታ ግን የ1 ብዛት ተጋማሽ አይደለም ይላሉ። 2 ሲደመር 4፣ 6 ነው። ስሕተቱ 6ኛው ቦታ ላይ ነው! 0ን ወደ 1 መለወጥ ብቻ ይበቃል፤ ላኪውን እንደገና መጠየቅ አያስፈልግም።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ በዚህ ዘዴ የተጻፉ ማናቸውም ሁለት መልእክቶች ቢያንስ በሦስት ቦታ ይለያያሉ። አንድ አሃዝ ቢበላሽ፣ የደረሰው ጽሑፍ ከሌሎች ይልቅ ለእውነተኛው ይቀርባል። ይህ ልዩነት ዛሬ የሀሚንግ ርቀት ይባላል። ሁለት አሃዞች አንድ ላይ ከተበላሹ ግን ምስክሮቹ ወደ ተሳሳተ ቦታ ይመራሉ። ለዚያ ተጨማሪ ምስክር ያስፈልጋል፤ ምስክር ሲበዛም ጽሑፉ ይረዝማል። ጥበቃ ዋጋ አለው።

ሀሚንግ ይህን ሥራ በ1950 አሳተመ። በ1968 በኮምፒዩተር ሳይንስ ትልቁ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት አገኘ። ከ1976 ጀምሮ በካሊፎርኒያ፣ በሞንተሬይ ከተማ በባሕር ኃይል ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ማስተማር ያቆመው በ1997 ነው። በጥር 1998 በ82 ዓመቱ አረፈ። ከእርሱ ሐሳብ የተወለዱ ዘዴዎች ዛሬ የኮምፒዩተርን ማኅደረ ትውስታ ከስሕተት ይጠብቃሉ።

ተማሪዎች ሆይ፣ እስቲ እናንተም ሞክሩ። 0110101 የሚል መልእክት ደርሷችኋል፤ አንዱ አሃዝ ተበላሽቷል። የትኛው ነው? እውነተኛው ባለ አራት አሃዝ መልእክትስ ምን ነበር?

(መልስ፦ 3ኛው አሃዝ፤ መልእክቱ 0101 ነበር።)