ኮረም ላይ ጎህ ሲቀድ ካሜራውን የከፈተው ሰው፦ የሞሐመድ አሚን ሕይወት

ሆመቾ ላይ መብራት በጠፋበት ምሽት ፎቶ አንስታችሁ ታውቃላችሁ?

ቡና ተፈልቷል። ፍሙ ቀልቷል። የአያታችን ፊት ግማሹ በብርሃን፣ ግማሹ በጥላ ሆኖ እንዴት እንደሚያምር በዓይናችን እናያለን። ስልካችንን አውጥተን ስናነሳው ግን የሚወጣው ሌላ ነገር ነው፤ አሸዋ የተበተነበት የሚመስል፣ የተንቀጠቀጠ፣ ቀለሙ የሞተ ምስል።

ለዚህም ነው ብዙዎቻችሁ ፉል ፍሬም ካሜራ ልግዛ ወይስ ስልኬ ይበቃኛል እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁን። መልሱን ዛሬ እንሰጣችኋለን። ግን በደረቁ አይደለም፤ በአንድ ሰው ሕይወት በኩል ነው። ይህ ሰው ኢትዮጵያዊ አልነበረም፤ የአገራችንን ስም ለዓለም ያሰማ ምስል ያነሳው ግን እሱ ነው። እዚሁ አገራችን አንድ እጁን አጥቷል። በኛው አየር መንገድ ተሳፍሮም ነው የሞተው።

ሞሐመድ አሚን ይባላል።

🔹 ፀሐይ ከሌለ የማይሠራው ሳጥን

ሞሐመድ አሚን እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1943 ናይሮቢ ውስጥ፣ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያዊ በሚያውቀው ኢስትሊ ሰፈር ተወለደ። ቤተሰቡ ከፑንጃብ የመጣ ነው። አባቱ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ በሥራው ምክንያት ቤተሰቡ ወደ ዳሬሰላም ሄደና ልጁም እዚያ አደገ።

የመጀመሪያ ካሜራው ያገለገለ ቦክስ ብራውኒ ነበር። ስሙ እንደሚለው ሳጥን ነው። አንድ ሌንስ፣ አንድ ፍጥነት፣ ሌላ የሚስተካከል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ፀሐይ ካለ ጥሩ ፎቶ ይሰጣል፤ ከጨለመ ግን አለቀ። ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ተራ ስልክ ከዚያ ሳጥን ጋር ሲወዳደር ተአምር ነው። ልጁ ግን ካሜራው እስኪሻሻል አልጠበቀም። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ማንሳት ጀመረ፤ ፎቶዎቹንም ለጋዜጦች መሸጥ ተማረ።

እ.ኤ.አ. በ1963 ገና 20 ዓመት ሳይሞላው ወይም ሞልቶት ሳለ ካሜራፒክስ የተባለውን የራሱን ድርጅት ዳሬሰላም ላይ ከፈተ። በዓመቱ ዛንዚባር ላይ አብዮት ሲነሳ ካሜራውን ይዞ ከደረሱት አንዱ እሱ ነበር። ይህ ድፍረት ግን ዋጋ አስከፈለው። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ዛንዚባር ታስሮ ወደ አንድ ወር ገደማ እስር ቤት ቆየ። ሲፈታ ወደ ናይሮቢ ተመለሰና ሥራውን ከዚያ ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. በ1969 የኬንያው ሚኒስትር ቶም ምቦያ ናይሮቢ መንገድ ላይ ሲገደሉ ካሜራውን ይዞ ቶሎ ከደረሱት ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ በምሥራቅ አፍሪካ ትልቅ ነገር ሲከሰት መጀመሪያ ስልክ የሚደወልለት ሰው አሚን ሆነ።

🔹 ያን ጊዜ ጨለማ ምን ያህል ከባድ ነበር?

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ካሜራ እናውራ፤ ወደ ኮረም ከመሄዳችን በፊት ያስፈልገናል።

ዛሬ ስልክ ላይ ሲጨልም ካሜራው ራሱ አይኤስኦውን ከፍ ያደርጋል። በፊልም ዘመን ይህ አልነበረም። የብርሃን አቀባበሉ ጥቅልሉ ላይ ተጽፎ ነው የሚመጣው። 400 የሚል ፊልም ከጫንክ፣ ጥቅልሉ እስኪያልቅ 400 ነህ። ምሽት ቢሆንብህ ምርጫህ ሁለት ነው፤ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሌንስ መጠቀም ወይም ሹተሩን አዘግይተህ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሽህን መያዝ። ያነሳኸውን እዚያው ማየትም አትችልም። የቪዲዮ ካሜራውም ቢሆን ከባድ ነበር፤ በደብዛዛ ብርሃን ምስሉ ቶሎ ይበላሻል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የዚያ ዘመን የዜና ፎቶ አንሺዎች በብዛት የሚሠሩበት የ35 ሚሊሜትር ፊልም፣ አንዱ ምስል 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። ዛሬ ፉል ፍሬም የምንለው ይኸው ልክ ነው፤ በፊልሙ ቦታ ሴንሰር ገባ እንጂ መጠኑ አልተቀየረም። ይህን ልክ በዓለም ያስለመደው ላይካ የተባለው ካሜራ ሲሆን፣ የሠራው ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ ነው። ካሜራው ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ባርናክ የአስም ሕመምተኛ ስለነበር ከባድ ካሜራ ተሸክሞ ተራራ መውጣት ያቅተው ነበር፤ ትንሽ ካሜራ የፈለገውም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ፉል ፍሬም ሲጀመር ትንሹ ካሜራ ነበር ማለት ነው! ዛሬ ከስልካችን ጎን ስናየው ነው ትልቅ የመሰለን።

🔹 ጥቅምት 1977፣ ኮረም

መስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት እየተከበረ ነበር። በዚያው ወቅት ሰሜኑ ክፍል በረሃብ እያለቀ ነው። ወደ ቦታው ለመሄድ ፈቃድ ማግኘት ቀላል አልነበረም። አሚን ግን ለዓመታት ያፈራቸውን ሰዎች ሁሉ ተጠቅሞ፣ ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ጋር በጥቅምት ወር ወደ መቀሌና ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረችው ኮረም ደረሰ።

ኮረም ደጋ ናት፤ ሌሊቷ ያቆራምዳል። ከከተማዋ ውጭ ሜዳ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከየቀያቸው ተነስተው እርዳታ ፍለጋ ሰፍረዋል። ጎህ ሲቀድ ሌሊቱን በብርድና በረሃብ ያለፉት ሰዎች ተጠቅልለው ይታያሉ።

አሚን ካሜራውን የከፈተው በዚያ ሰዓት ነው። ፀሐይ ወጥታ ብርሃኑ እስኪመቸው ቢጠብቅ ኖሮ ምስሉ ጥርት ይል ነበር፤ ያ ማለዳ ግን ያልፈዋል። ጭጋጉን፣ ጭሱን፣ የተኛውን ሰው፣ ከአጠገቡ የተቀመጠውን ቤተሰብ ቀስ ብሎ እያለፈ ቀረጸ። ብርሃኑ ደካማ ነው፤ ግን እዚያ የነበረው እውነት በዚያ ብርሃን ውስጥ ነበር።

ሰባት ደቂቃ ገደማ የሚሆነው ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ተላለፈ። ከዚያም በዓለም ዙሪያ ከ400 በላይ ጣቢያዎች አሳዩት። ተመልካቹ ደነገጠ። አየርላንዳዊው ቦብ ጌልዶፍ ዘፋኞችን ሰብስቦ በወሩ የእርዳታ ዘፈን አስቀረጸ። አሜሪካ ውስጥ ማይክል ጃክሰንና ጓደኞቹ ተከተሉ። በቀጣዩ ሐምሌ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ የተካሄደው ላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባሰበ። እርዳታው ሳይደርስላቸው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን አልቀዋል። ግን ከዚያ ማለዳ በኋላ ዓለም አላየሁም ማለት አልቻለም።

🔹 ሌላኛው ወገን

አሁን የማንወደውን ነገር እንናገር።

እነዚያ ምስሎች ሕይወት አትርፈዋል። እነዚያው ምስሎች ደግሞ ለብዙ ዓመት የኢትዮጵያ መታወቂያ ሆነው ቀሩ። ውጭ አገር የሄደ ሰው ከየት ነህ ተብሎ ኢትዮጵያ ሲል፣ የጠያቂው ፊት ላይ የሚያነበው ያንን ሜዳ ነበር። በቴሌቪዥኑ ላይ የታዩት አብዛኞቹ ሰዎች ስማቸው አልተነገረም። የማን አባት፣ የየት መንደር ገበሬ እንደሆኑ ተመልካቹ ሳያውቅ ነው ያለቀሰላቸው።

ጥፋቱን አሚን ላይ ብቻ መጣል ግን ፍትሐዊ አይደለም። እሱ ራሱ ኢትዮጵያን በዚያ ማለዳ ብቻ አልተዋትም። ድርጅቱ ካሜራፒክስ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የበረራ መጽሔት ሰላምታን ያዘጋጅ ነበር። ተራራችን፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ፣ ገበያው፣ የሚስቀው ሰው፣ ይህ ሁሉ በዚያ መጽሔት በኩል በተሳፋሪ እጅ ገብቷል። አንድ ሰው፣ አንድ አገር፣ ሁለት ዓይነት ምስል። ዓለም ግን የመጀመሪያውን ይዞ ቀረ።

🔹 አንድ እጅ

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 27 ቀን፣ ከተማዋ ውስጥ የነበረ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። አሚንና ባልደረቦቹ ፍንዳታውን ለመቅረጽ ወደዚያ ሄዱ። ሁለተኛ ከባድ ፍንዳታ ደረሰ። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሞተ። አሚን ግራ እጁን አጣ።

የካሜራ ሰው እጁን ሲያጣ ሁሉም አበቃ ብሎ ነው የሚያስበው። ካሜራ በሁለት እጅ ነው የሚያዝ፤ በተለይ ሲጨልም አንዱ እጅ ካልደገፈ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። አሚን ግን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ፣ ካሜራውንም ለዚያ እጅ እንዲመች አድርጎ በወራት ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ።

🔹 ኅዳር 14 ቀን 1989

ያን ቀን አሚንና የሥራ ባልደረባው ብራያን ቴትሊ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ለመመለስ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961 ተሳፈሩ። ቦይንግ 767 ነው፤ 175 ሰው ይዟል። ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ 3 ጠላፊዎች ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፕቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ቢያስረዷቸውም አልሰሙም። ነዳጁ አለቀ፤ አውሮፕላኑ ኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ባህር ላይ ወደቀ። 125 ሰዎች ሞቱ፣ 50 ተረፉ።

የተረፉት እንደመሰከሩት አሚን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ከወንበሩ ተነስቶ ጠላፊዎቹን እያነጋገረ ነበር። ከሟቾቹ አንዱ ሆነ። 53 ዓመቱ ነበር።

ያ አውሮፕላን ክንፉ ውኃውን ነክቶ ሲሰባበር የሚያሳየውን ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ማን ቀረጸው? የዜና ሰው አይደለም። ባህር ዳርቻ ላይ ለመዝናናት የመጣ ቱሪስት ነው፤ የቤት ቪዲዮ ካሜራ ይዞ እዚያ ተገኘ። ሕይወቱን ሙሉ ሌሎች ያልደረሱበት ደርሶ ሲቀርጽ የኖረ ሰው፣ የራሱን መጨረሻ የቀረጸለት በአጋጣሚ እዚያ የቆመ ተራ ሰው ነው።

🔹 እና ፉል ፍሬም ልግዛ ወይ?

ለገበያ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ፉል ፍሬም ዲጂታል ካሜራዎች የወጡት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ አሚን ከሞተ ከ6 ዓመት በኋላ። አላያቸውም። ቢያያቸው ምን ያደርግባቸው ነበር ብለን ሳናስብ አልቀረንም።

መልሳችን ይኸውላችሁ። ዝናብ ሲዘንብ ሳፋና ሲኒ ውጭ ብታስቀምጡ የትኛው ብዙ ይሰበስባል? የፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋት ከአብዛኛው ስልክ ሴንሰር ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ በደብዛዛ ብርሃን ብዙ ይሰበስባል፤ ምስሉ ላይ አሸዋው ይቀንሳል፣ የፊት ቀለም ሳይሞት ይወጣል። ስልክ በናይት ሞድ ብዙ ምስል አንስቶ አንድ ላይ ያዋህዳል፤ ለቆመ ነገር ጎበዝ ነው፣ የሚሮጥ ልጅ ወይም የሚጨፍር ሰው ላይ ግን ይቸገራል። ሠርግና የምሽት በዓል እያነሳችሁ የምትተዳደሩ ከሆነ ፉል ፍሬም ዋጋውን ያወጣል። ግን ገንዘባችሁን ሁሉ አካሉ ላይ አትጨርሱ፤ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ሌንስ ከገጠማችሁበት ትልቁ ሳፋ ተከደነ ማለት ነው። ባለ 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ለጀማሪ ይበቃል።

ካሜራ መግዛት የማትችሉ ደግሞ በስልካችሁ ጀምሩ። ክርናችሁን ጠረጴዛ ላይ ደግፉ። ዙም አታድርጉ፣ ቅረቡ። ሰውየውን ወደ መስኮቱ ወይም ወደ እሳቱ አዙሩት። ሌንሱን በጨርቅ ጥረጉ፤ ብዙ ፎቶ የሚበላሽብን እኮ በጣታችን ቅባት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ከአሚን ሕይወት የምንወስደው ይህን ነው። ያኔ ኮረም ላይ ካሜራ የነበረው ከሩቅ የመጣ ሰው እጅ ላይ ነው። ዛሬ ሆመቾም፣ ሆሳዕናም፣ ዱራሜም ካሜራው እኛው እጅ ላይ ነው። ችግራችንን ማንሳት አለብን፤ ዓይን መጨፈን አያዋጣም። ስናነሳ ግን ፈቃድ እንጠይቅ፣ ስሙን እንጻፍ፣ ቦታውንና ቀኑን እንጻፍ። የምናነሳው ሰው የሆነ ቤት አባት ወይም እናት ነው።

መስከረም ሲመጣ፣ በያሆዴም ይሁን በመሳላ ዋዜማ፣ ቤተሰብ እሳቱ ዙሪያ ሲሰበሰብ ብርሃኑ ጥቂት ነው። እንደዚያም ሆኖ አንሱት። ከፎቶው ሥር ያሉትን ሰዎች ስም ጽፋችሁ ላኩልን፤ ከነስማቸው እናወጣዋለን።