ኤድዋርድ ሩፔል

ኤድዋርድ ሩፔል (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1794 – ዲሴምበር 10 ቀን 1884) ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪና አሳሽ ነበረ። በኢትዮጵያ ይበልጥ የሚታወቀው የሰሜን ተራሮችን ሦስት እንስሳት፣ ማለትም ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን በሳይንሳዊ ስም መዝግቦ በማሳተሙ ነው።

የመጀመሪያ ዘመን

ሩፔል የተወለደው በፍራንክፈርት ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ነው። ለንግድ ሥራ ቢታሰብም፣ እ.ኤ.አ. በ1817 ወደ ግብፅና ወደ ሲና ካደረገው ጉዞ በኋላ ልቡ ወደ ተፈጥሮ ጥናት አዘነበለ። በጣሊያን አገር በፓቪያና በጄኖዋ የዕፅዋትና የእንስሳት ትምህርት ተከታተለ። ከ1821 እስከ 1827 ባደረገው ጉዞ ሲናንና የአቃባን ባሕረ ሰላጤ፣ ከዚያም ኑቢያንና ኮርዶፋንን አጠና።

በኢትዮጵያ

በ1831 በምጽዋ በኩል ገባ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ስለነበር መንገዱ ሁሉ የሚወሰነው በመኳንንቱ ጦርነትና ሰላም ነበር። ሰሜንን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ሩፔል ተከዜን ተሻግሮ የሰሜንን ተራሮች አልፎ ጎንደር ደረሰ፤ በዚያም የግእዝ መጻሕፍትን ሰበሰበ። ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወርደው ነባሩ የነጋዴ መንገድ በደባርቅ አድርጎ በሊማሊሞ ገደል የሚያልፍ ነበር።

ሥራዎቹ

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ከ1835 እስከ 1840 ስለ ኢትዮጵያ የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት፣ ከ1838 እስከ 1840 ደግሞ ስለ ጉዞው በሁለት ቅጽ አሳተመ። ዋልያን ካፕራ ዋሊ፣ ቀይ ቀበሮን ካኒስ ሲሜንሲስ ብሎ ሰየመ፤ ጭላዳም ዛሬ ቴሮፒቴከስ ጌላዳ ይባላል። ሦስቱንም የአገሩ ሰው ቀድሞ ያውቃቸው ነበር፤ ሳይንሳዊ ስሞቹም የተወሰዱት ከሕዝቡ አጠራርና ከአገሩ ስም ነው። በ1839 የለንደን ንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሰጠው። የሰበሰባቸውን እንስሳት ለፍራንክፈርቱ የዜንከንበርግ ማኅበር አበርክቷል፤ የብራና መጻሕፍቱም በዚያው ከተማ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

የመዘገባቸው እንስሳትና በሽታ

ሩፔል በሞተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ እርሱ በገባበት በምጽዋ በኩል የከብት ደስታ በሽታ ገባ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን ከአገሪቱ ከብት እስከ 90 በመቶ እንዳለቀ ይገመታል። በሽታው በአፍሪካ ጎሽንና አጋዘንን የመሳሰሉ የዱር እንስሳትንም ፈጅቷል። ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው።

ለሰሜን እንስሳት ግን ከቤት እንስሳ የሚመጣ በሽታ ዛሬም ስጋት ነው። ዋልያ የዱር ፍየል ስለሆነ፣ ከበግና ከፍየል ጋር በአንድ ግጦሽ ሲውል እከክና ደስታ መሰል በሽታ ሊጋባበት ይችላል። ቀይ ቀበሮን የእብድ ውሻ በሽታ ያሰጋዋል፤ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ ብዙ ቀበሮዎችን ገድሏል። ጭላዳ ደግሞ ከውሻና ከቀበሮ ወገን በሚወጣ የኮሶ ትል እንቁላል በተበከለ ሣር ምክንያት ሰውነቱ ላይ እብጠት ይወጣበታል።

ስለዚህ ጥበቃው አደንን በመከልከል ብቻ አያበቃም። በደባርቅ ጽሕፈት ቤት ያለው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 እ.ኤ.አ. በሕግ ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ግጦሽን መቀነስና ውሾችን መከተብ የዱር እንስሳቱን ብቻ ሳይሆን የገበሬውንም ከብትና ቤተሰብ የሚጠቅም ሥራ ነው፤ ሆኖም ግጦሹ መተዳደሪያው ለሆነ ገበሬ ምትክ ካልተገኘለት አይሳካም።

መታሰቢያ

ሩፔል በተወለደባት በፍራንክፈርት በ90 ዓመቱ አረፈ። በስሙ ከተጠሩት እንስሳት አንዱ የሩፔል ጥንብ አንሳ ነው፤ ይህ አሞራ በ1973 እ.ኤ.አ. በምዕራብ አፍሪካ ሰማይ 11,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር በመጋጨቱ በከፍተኛ በራሪነቱ ይታወቃል።