አብዱረሕማን አስ-ሱፊ፦ መጽሐፉን ከሰማይ ጋር ያመሳከረው ሊቅ

የዛሬዎቹ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች፣ ሙስሊም ሆኑም አልሆኑ፣ ብዙ ከዋክብትን የሚጠሩት በዐረብኛ ስም ነው። አልደበራን ማለት «ተከታይ»፣ ሪጅል «እግር»፣ ደነብ ደግሞ «ጭራ» ማለት ነው። እነዚህን ስሞች አሰባስበው ለትውልድ ካቆዩት ሊቃውንት አንዱ አብዱረሕማን አስ-ሱፊ ነው።

አስ-ሱፊ በ291 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 903) ለዛሬዋ ቴህራን ቅርብ በሆነችው ረይ ተወለደ። በኢስፋሃንና በሺራዝ ሲሠራ የቡወይህ ሥርወ መንግሥት ገዢ አዱድ አድ-ደውላ ደጋፊውም ተማሪውም ነበር።

በዚያ ዘመን የከዋክብት ዕውቀት ዋና ምንጭ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው የበጥሊሞስ መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ከዋክብትን መዝግቧል። ችግሩ ብዙዎች ሰማዩን ሳያዩ ከመጽሐፉ ብቻ መገልበጣቸው ነበር። አስ-ሱፊ ግን መጽሐፉን ከሰማዩ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ። የእያንዳንዱን ኮከብ ድምቀት በዓይኑ መረመረ፤ ስሕተት ያገኘበትን አረመ፤ በጥሊሞስ የዘለላቸውንም ጠቆመ። የከዋክብቱን ቦታ ግን እንደ አዲስ አልለካም። የበጥሊሞስን ልኬት ወስዶ፣ በዘመናት ብዛት ለተፈጠረው ለውጥ 12 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ጨመረበት፤ ይህንንም ሳይደብቅ ጻፈ።

እ.ኤ.አ. በ964 ገደማ የተጻፈው «ኪታብ ሱወር አል-ከዋኪብ» 48 የከዋክብት ምድቦችን ይዟል። እያንዳንዱ ምድብ ሁለት ሥዕል አለው፤ አንዱ በሰማይ እንደሚታየው፣ ሌላው በሉል ላይ እንደሚሣለው።

በዚሁ መጽሐፍ አስ-ሱፊ አንዲት «ትንሽ ደመና» መዝግቧል። ዛሬ አንድሮሜዳ የምትባለው ጋላክሲ ናት። እስካሁን ከሚታወቁት መዛግብት ስለ እርሷ የመጀመሪያው ይህ ነው። በአውሮፓ በቴሌስኮፕ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1612 ሲሆን፣ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ መሆኗ የተረጋገጠው በ1920ዎቹ ነው። ርቀቷ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው። አስ-ሱፊ ምንነቷን አላወቀም፤ ያየውን ግን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ጻፈ።

በ376 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 986) ዐረፈ። በጨረቃ ላይ ያለ አንድ ጉድጓድም በስሙ ተሰይሟል።

ውድ አንባቢያን፣ የቀደሙ ሊቃውንቶቻችንን ስም እየጠሩ መኩራት ቀላል ነው። አስ-ሱፊም እንዲሁ የበጥሊሞስን ስም እየጠራ መኖር ይችል ነበር። እርሱ ግን በጥሊሞስን አክብሮ፣ ሌሊቱን ወጥቶ ሰማዩን አየ። እኛስ የእርሱን መጽሐፍ እያወደስን ብቻ እንቀራለን ወይስ ልጆቻችን እንደ እርሱ አይተው እንዲመረምሩ እናስተምራቸዋለን?