ግሪፊዝ ኢቫንስ፦ በግመልና በፈረስ ደም ውስጥ የታየው ተሕዋስ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በአለርት ግቢ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ካዩት ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። በሕመምተኛ አካል ውስጥ ተሕዋስን ማየት አንድ ነገር ነው፤ የበሽታው መንስኤ መሆኑን ማሳመን ግን ሌላ ነው። በእንስሳት ሕክምና ረገድ ይህ ፈተና ከገጠማቸው ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ግሪፊዝ ኢቫንስ ናቸው።

ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1835 በዌልስ ተወለዱ። በለንደን የእንስሳት ሕክምናን አጥንተው በ1860 በብሪታንያ ጦር የእንስሳት ሐኪም ሆኑ። በካናዳ ሲያገለግሉም በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሰው ሕክምናን ተምረው በ1864 ተመረቁ። በ1877 ወደ ሕንድ ተዛወሩ።

በ1880 ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ በሚገኘው ዴራ ኢስማኤል ካን፣ ሱራ የተባለው በሽታ የጦሩን ፈረሶች ይፈጅ ስለነበር እንዲያጠኑት ታዘዙ። በሽታው ግመሎችንም ያጠቃ ነበር። ኢቫንስ በታመሙት እንስሳት ደም ውስጥ በፍጥነት የሚወራጩ ተሕዋስያን አዩ፤ ደሙን ወደ ጤነኛ እንስሳት በማስገባትም በሽታው እንደሚተላለፍ አሳዩ። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ተሕዋስያን ቀደም ሲል ጤነኛ በሚመስሉ አይጦች ደም ውስጥ ታይተው ስለነበር፣ በሕንድ የነበሩ የዘርፉ ታላላቅ ሊቃውንት ድምዳሜያቸውን አልተቀበሉም።

በ1885 ስቲል የተባሉ የእንስሳት ሐኪም በበርማ በቅሎዎች ላይ ያንኑ ተሕዋስ አግኝተው በኢቫንስ ስም ሰየሙት፤ ዛሬ ትሪፓኖሶማ ኢቫንሲ ይባላል። ኢቫንስ በ1890 ጡረታ ወጥተው በዌልስ ባንጎር ከተማ ኖሩ። በ1917 የሊቨርፑል የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት የሜሪ ኪንግስሊን ሜዳሊያ ሸለማቸው። በ1935 በመቶ ዓመታቸው አረፉ።

የኢቫንስ ታሪክ ለአገራችን ተመራማሪዎች ሩቅ አይደለም። ተሕዋሱ የሚተላለፈው በልዩ ልዩ ደም መጣጭ ዝንቦች በመሆኑ፣ የቆላ ዝንብ በሌለባቸው የአፋር፣ የሶማሌና የቦረና የግመል አርቢ አካባቢዎችም ይገኛል። በሽታው ሥር በሰደደ ጊዜ ተሕዋስያኑ በደም ውስጥ እጅግ ስለሚያንሱ፣ በመስታወት ላይ የተዘረጋ ደም ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። ደምን በቀጭን ቱቦ አድርጎ በሴንትሪፊዩጅ ማሽከርከር የማየት ዕድሉን ያሳድጋል፤ ፒሲአር ከዚያም በላይ ይረቅቃል። የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ደግሞ ከታከመ በኋላም አዎንታዊ ሆኖ ሊቆይ ስለሚችል፣ የዛሬውን ሕመም ካለፈው ለመለየት ብቻውን አይበቃም።

የኢቫንስ ተቺዎች በጤነኛ አይጥ ደም ተሕዋስ መታየቱን ይዘው በሽታውን ከተሕዋሱ ለዩት። ዛሬ ደግሞ ተሕዋስ አለመታየቱን ይዘን የታመመን ግመል ጤነኛ ብንል ስሕተቱ ያው ነው፤ መድኃኒት ያጣው እንስሳ ይከሳል፣ ይጨነግፋል፣ ለመንጋውም የበሽታ ምንጭ ይሆናል። ስለዚህ የላቦራቶሪው ውጤት ከእንስሳው ሁኔታና ከአርቢው ምልከታ ጋር አብሮ ሊመዘን ይገባል።