የኤስክዴሉ ግንበኛ፤ ቶማስ ቴልፎርድና ለትውልድ ሸለቆው የመለሰው

ስኮትላንድ ከእንግሊዝ በምትዋሰንበት በደቡቡ ጠረፍ፣ ኤስክ የተባለው ወንዝ በሚወርድበት ሸለቆ ውስጥ፣ ግሌንዲኒንግ የምትባል የበግ እረኞች መንደር ነበረች። በመንገድና በድልድይ ሥራ ስማቸው ከገነነ መሐንዲሶች አንዱ የሆነው ቶማስ ቴልፎርድ በ1757 የተወለደው በዚህች ስፍራ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ጆን ቴልፎርድ እረኛ ነበር፤ ልጁ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይሞላው አረፈ። እናቱ ጃኔት ጃክሰን ከሌላ ቤተሰብ ጋር በተጋራችው ጎጆ ውስጥ፣ ለጎረቤት ገበሬዎች በቀን ሥራ እየዋለች አሳደገችው። የትምህርት ቤቱን ክፍያ ዘመድ ሸፈነለት፤ በሙቀቱ ወራት በግ ይጠብቃል፣ በብርዱ ወራት በደብሩ ትምህርት ቤት ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ይማራል። እንግዲህ ከመነሻው ባለዕዳ ሆኖ ያደገ ልጅ ነበር ማለት ነው፤ የአበደረውም አንድ ሰው ሳይሆን ሸለቆው በሙሉ ነው።

ዕድሜው ሲፈቅድ ለድንጋይ ጠራቢ ተሰጠ። የመጀመሪያው ጌታው ክፉ ሆኖበት ሸሽቶ ወደ እናቱ ተመለሰ፤ ሁለተኛውን ግን በላንግሆልም ከተማ አገኘ። በዚያን ጊዜ የአገሩ ባለርስት የባክሉ መስፍን የጭቃ ጎጆዎችን እያስፈረሰ በድንጋይ ቤት ስለሚተካ፣ በየጅረቱም ድልድይ ስለሚያሠራ፣ መሮና መዶሻ የያዘ ሁሉ ሥራ አላጣም። ወጣቱ ቴልፎርድ ድንጋይ ሲጠርብ ውሎ ማታ የሚያነበው ይሻ ነበር፤ መጽሐፍ ግን ውድ ነው። በላንግሆልም የሚኖሩ ወይዘሪት ፓስሊ የተባሉ አንዲት አረጋዊት ይህን ሰምተው የመጻሕፍት መደርደሪያቸውን ከፈቱለት። የሚልተንን ቅኔ የጠራቢ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያነበበው ያን ጊዜ ነው። ኋላ ሥራው ሁሉ ሲተረክ ይህች የመጽሐፍ ውሰት እንደ ትንሽ ነገር ትታለፋለች፤ መታለፍ ግን አልነበረባትም።

በላንግሆልም በኤስክ ወንዝ ላይ የተሠራው ድልድይ ከእጁ ካለፉት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ነው። ስለ እርሱ አንድ ታሪክ ይተረካል። ጌታው ድልድዩ ለተወሰኑ ዓመታት ጸንቶ እንዲቆም ዋስ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን እርሱ በሌለበት ወንዙ በኃይል ሞላ፤ ሚስቱ ቲቢ ዕዳው እንዳይደርስባቸው ፈርታ ወደ ድልድዩ ሮጠች፣ ጀርባዋንም ለግንቡ ሰጥታ እንዳይወድቅ ደግፋ ያዘች። ቴልፎርድ ከጎን ቆሞ ይስቅ ነበር ይባላል። ሥራውን ያውቀዋልና ድልድዩ እንደማይነቃነቅ አልተጠራጠረም፤ በእርግጥም አልተነቃነቀም።

በ1780 ወደ ኤድንብራ፣ በ1782 ደግሞ ወደ ለንደን ሄደ። ወደ ለንደን የሄደው የዌስተርሆል ባለርስቶች ወደዚያ የሚልኩትን ፈረስ እንዲያደርስ ታዝዞ በዚያው ፈረስ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ለመንገዱ የሚሆን የቆዳ ሱሪም ከአጎቱ ልጅ ተዋሰ። በለንደን የሶመርሴት ሃውስን ግንብ ሲሠራ ቆይቶ በፖርትስመዝ የመርከብ ማደሻ ግቢ የግንባታ ተቆጣጣሪ ሆነ። በዚያው ከኤስክዴል የወጣው ባለጸጋ ዊልያም ፑልትኒ ወደ ሽሮፕሸር ጠራው፤ በ1787ም የአውራጃው የሕዝብ ሥራዎች ኃላፊ አደረገው። በሽሩዝበሪ ከተማ የቅዱስ ቻድ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ያፈሳል ተብሎ ተጠርቶ ሲመለከት፣ ችግሩ ከጣሪያው ሳይሆን ከመሠረቱ እንደሆነ፣ ከግድግዳው ሥር የተቆፈሩት መቃብሮች ምሰሶውን እንዳናጉት ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው። አልሰሙትም፤ እንዲያውም ሥራ ፈላጊ ነው ብለው አሙት። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሐምሌ 1788 ግንቡ በሌሊት ተናደ።

የሸክላና የድንጋዩ ጠቢብ የብረትን ጠባይ የተማረው በዚሁ በሽሮፕሸር ነው። በዌልስ ከዲ ወንዝ በላይ የተዘረጋው የፖንትከሲልቴ የውሃ ድልድይ በ1795 ተጀምሮ በ1805 ተከፈተ፤ ዋና መሐንዲሱ ዊልያም ጄሶፕ ነበር። ርዝመቱ 307 ሜትር፣ ከፍታው 38 ሜትር ያህል ሲሆን ጀልባዎች በብረት ገንዳ ውስጥ በአየር ላይ ያልፉበታል። በ1826 የተከፈተው የሜናይ ድልድይ ደግሞ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ 176 ሜትር ባሕር በአንድ ዝላይ ይሻገራል። እነዚህ ሁለቱ ሥራዎች በሙያው መጻሕፍት ሁሉ ስለሚገኙ እዚህ ማስፋፋት አያስፈልግም።

ከእነርሱ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው በሰሜን ስኮትላንድ ተራሮች የሠራው ነው። ከ1801 ጀምሮ መንግሥት ያን አገር እንዲያጠና ላከው፤ መንገድ የሌለበት፣ ወንዙ ድልድይ የማያውቅ፣ ሕዝቡም በየዓመቱ በመርከብ እየተሳፈረ ወደ አሜሪካ የሚፈልስበት አገር ነበር። ቴልፎርድ ያቀረበው አሳብ ግልጽ ነው፤ ለሕዝቡ እህል ከማደል ሥራ ይሰጠው፤ መንገዱን ራሱ ይሥራው፣ ሙያም ይቅሰምበት አለ። በ1803 ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የመንገዱን ወጪ ግማሽ መንግሥት፣ ግማሽ ባለርስቶች እንዲከፍሉ ተወሰነ። በሃያ ዓመት ገደማ ከ900 ማይል በላይ መንገድና ከ1,000 በላይ ድልድይ ተሠራ። ራሱ በሰጠው ሒሳብ በዓመት 3,200 ያህል ሰዎች በሥራው ይውሉ ነበር፤ ከእነዚህም ሩቡ በየዓመቱ አካፋና ጋሪ ይዞ መሥራትን ተምሮ ይወጣ ነበር። ቴልፎርድ ይህን ሁሉ ሥራ እንደ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት ነበር የሚቆጥረው።

ነገር ግን አሳቡ ሁሉ አልሠመረለትም። ከባሕር እስከ ባሕር 60 ማይል የሚዘልቀው የካሌዶንያ የመርከብ ቦይ በ350,000 ፓውንድ ግምት ተጀምሮ፣ በ1822 ሲከፈት ከ900,000 ፓውንድ በላይ ፈጅቶ ነበር፤ ጥልቀቱም ከታሰበው አንሶ ቀረ። መርከቦች እያደጉ፣ ጦርነቱም አልፎ ስለነበር የተጠበቀው ንግድ አልመጣም። ስደቱም አልቆመም። ባለርስቶች መሬቱን ለበግ ርቢ ሲሉ ገበሬውን ያፈናቅሉ ነበርና፣ በመንገዱ ላይ ሱፍ የጫነውም ጋሪ፣ ጓዙን የተሸከመውም ተፈናቃይ አብረው ሄዱበት። መሐንዲስ መንገድ ሊሠራ ይችላል፤ መሬቱ የማን እንደሆነ ግን ሊወስን አይችልም። ያም ሆኖ መንገዶቹ አልፈረሱም፤ ምክንያቱም ኮሚሽኑ ሥራው ካለቀ በኋላ ለጥገና ገንዘብና ተቆጣጣሪ መድቦ እስከ 1862 ድረስ ይጠብቃቸው ነበር። ሠርቶ መተውና ሠርቶ መጠበቅ የተለያዩ መሆናቸውን ቴልፎርድ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ለራሱ ግን ቤት እንኳ አልሠራም። ሚስት አላገባም፤ ሥራው ከአገር አገር ስለሚያዞረው ለንደን ሲገባ ለሃያ አንድ ዓመት ያረፈው በቻሪንግ ክሮስ በነበረው ሳሎፒያን ቡና ቤት ነው። ደንበኝነቱ ምን ያህል እንደሚከበር ለማወቅ ቡና ቤቱ ሲሸጥ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፤ አዲሱ ባለቤት ቴልፎርድ በዚያ መኖሩን እንደ ንብረት ቆጥሮ 750 ፓውንድ ከፍሎበት ነበርና፣ በ1821 ወደ አቢንግደን ጎዳና ሲዛወር እጅግ ተቆጨ። ለእንግሊዝ የዓሣ ማስገሪያ ማኅበር ለብዙ ዓመታት የሠራው ያለ ክፍያ ነው። በ1818 ጥቂት ወጣት መሐንዲሶች በለንደን አንድ ቡና ቤት ተሰብስበው የሲቪል መሐንዲሶችን ማኅበር ሲመሠርቱ የሚሰማቸው አልነበረም፤ በ1820 ቴልፎርድ ፕሬዚዳንታቸው ለመሆን ሲፈቅድ ግን ማኅበሩ ነፍስ ዘራ፤ በ1828ም የንጉሡን ቻርተር አገኘ። መጻሕፍቱንና ንድፎቹን ሰጠው፤ እስኪሞትም ድረስ በስብሰባው ይገኝ ነበር።

ኤስክዴልን ረስቶ አያውቅም። እናቱ በሕይወት ሳለች ደብዳቤ ሲጽፍላት ፊደሉን እንደ ማተሚያ ቤት ጽሕፈት እየነጠለ ነበር፤ ያለ ሌላ ሰው እርዳታ ራሷ በምድጃዋ አጠገብ እንድታነበው ብሎ ነው። በዌስተርከርክ መቃብር ስፍራ ላይ ያለውን የአባቱን የመቃብር ድንጋይ በገዛ እጁ ጠረበው። በብርዱ ወራትም ለሸለቆው ድሆች የሚታደል ገንዘብ ይልክ ነበር። ይህ ሁሉ ብዙ ልጆች ለአገራቸው የሚያደርጉት ነው፤ ከሌላው የሚለየው ኑዛዜው ነው።

በ1793 በተወለደበት በግሌንዲኒንግ የአንቲሞኒ ማዕድን የሚቆፍሩ ሠራተኞች አንድ ቤተ መጻሕፍት አቋቁመው ነበር። የማዕድኑ ሥራ ብዙም ሳይቆይ ቆመ፤ መጻሕፍቱ ግን ለዌስተርከርክ ደብር ሕዝብ ቀሩ። ቴልፎርድ በመስከረም 1834 ሲሞት በዌስትሚንስተር አቢ ተቀበረ፤ ኑዛዜው ሲከፈትም ለዚህ ቤተ መጻሕፍት 1,000 ፓውንድ፣ ለላንግሆልም ቤተ መጻሕፍት 1,000 ፓውንድ፣ ለመሐንዲሶቹ ማኅበር ደግሞ 2,000 ፓውንድ ተናዝዞ ተገኘ። በስሙ ሐውልት ወይም አዳራሽ እንዲሠራ አላዘዘም። ዋናው ገንዘብ ሳይነካ፣ በየዓመቱ የሚያስገኘው ወለድ በደብሮቹ መጽሐፍ እንዲገዛበት፣ በማኅበሩም ለወጣት መሐንዲሶች ሽልማት እንዲሆን ነው ያደረገው። በግንባታ ሥራ የከበረ ሰው ለአገሩ ስጦታ ሲያስብ አስቀድሞ በዓይኑ የሚመጣው ሕንፃና በበሩ ላይ የሚለጠፍ ስም ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ ማን እንደሚጠግነው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቴልፎርድ ግን ስጦታውን እንደ መንገዱ አድርጎ ነደፈው፤ ጥገናውን ከሥራው ጋር አብሮ አሰላ። ከዚህ ስጦታ የመነጨው የቴልፎርድ ሜዳሊያ በ1835 ተቋቁሞ እስከ ዛሬ ይሰጣል።

በዌስተርከርክ የደብሩ ሰዎች፣ እረኞችና ገበሬዎች ርቀው የሚኖሩ ስለነበሩ፣ መጽሐፍ የሚለዋወጡት በወር አንድ ጊዜ ጨረቃ በምትሞላበት ቀን ነበር። ያነበቡትን በጀርባቸው ወይም በፈረስ ጭነው ይመጣሉ፣ የወሩን ወስደው በጨረቃ ብርሃን በተራራው መንገድ ይመለሳሉ። የአንቲሞኒው ጉድጓድ ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ዛሬ ቤንትፓዝ በተባለችው መንደር ይገኛል፣ ለደብሩ ሰዎችም መጽሐፍ ያውሳል።